በአቡጀዲ የተሰፋ አደራ

ልክ መቼ እንደነበር አላስታውስም። ከጊዮርጊስ ወደ ፒያሳ ሲወርዱ የነበረችው ሱቄ ሳትፈርስ መሆኑን ግን አውቃለሁ፤ ጣጣ ያመጣብን የተሰፋ ዕቃ የተቀመጠው እዚያው ባንኮኒዬ ላይ ነበርና። ክረምቱ ሊወጣ ገደማ ይመስለኛል፣ ጭቃ ነበር። ወይም ጭቃው የመንገድ ቁፋሮው ይሆናል፤ ያን ጊዜ ሁሉም ቦታ ይቆፈር ነበር። ልጄን ብጠይቃት ቀኑን ከነሰዓቱ ትነግረኛለች። ነገር ግን ስትደውል ያንን ማንሳት አልወድም። አሁንም ሳስበው ያናድደኛል።

ሥራዬ ሻንጣ መጠገን ነው። ዚፕ እቀይራለሁ፣ ጎማ እገጥማለሁ፣ የተቀደደ እሰፋለሁ። ትምህርቴ ከአራተኛ ክፍል አላለፈም፣ አውሮፕላን ውስጥም ገብቼ አላውቅም። ቢሆንም ስለ መንገድ ጥቂት አውቃለሁ። ሰው አገር ሊለቅ ሲል ሻንጣውን ይዞ ወደ እኔ ይመጣል፤ የተመለሰም እንደሆነ የተሰበረውን ይዞ ይመጣል። ዚፑን እየነቃቀልኩ ምን እንደደረሰበት ያወራኛል። ስንት ዓመት እንዲህ ስሰማ ኖሬአለሁ።

ወጣቶቹ ያስቸግሩኛል። አንዱ ፓስፖርቱን፣ የትምህርት ቤቱን ደብዳቤ፣ የሐኪም ወረቀቱን ሁሉ ኤርፖርት በሚያስረክበው ሻንጣ ውስጥ ከሸሚዝ ሥር ይከተዋል። ለምን ስለው እንዳይጠፋብኝ ብዬ ነው ይለኛል። ሻንጣው ሌላ አገር ቢሄድስ? ይሄዳል እኮ። ሄዶ፣ ዞሮ፣ ከሳምንት በኋላ እጀታው ተገንጥሎ የመጣ ስንቱን ጠግኛለሁ። ወረቀት ከእጅ አይለይም። አንድ ቅያሪ ልብስም በትከሻ ቦርሳ ይያዛል። ስምና ስልክ ከሻንጣው ውጪ ብቻ ሳይሆን ከውስጡም ይጻፋል፤ የውጪው ይቀደዳል። እዚያ የሚቀበላቸውን ሰው ቁጥር በቃላቸው ቢይዙት ምን አለበት? ባትሪው ሲዘጋ ቁጥሩም አብሮ ይዘጋል። ከባዱን ካፖርት ደግሞ ሻንጣ ውስጥ አይጠቀጥቁትም፣ ይለብሱታል። ላብ ቢያልባቸውም ይለብሱታል።

ይህን ሁሉ እየሰፋሁ እነግራቸዋለሁ። ማን ይሰማኛል? አንዱ ጆሮው ላይ ነገር ሰክቶ ራሱን ይነቀንቃል፤ ከእኔ ጋር ይነቅንቀው ከዘፈኑ ጋር አይታወቅም። ሌላው «ፋዘር፣ እሱን ስልክ ላይ አይቼዋለሁ» ይለኛል። ደግሞ ሁሉም የሚመጡት በመጨረሻዋ ቀን ነው። ወር ሙሉ የት እንደነበሩ እንጃ። በረራው ነገ ነው፣ ሻንጣው አፉን ከፍቷል፣ በግማሽ ሰዓት አድርስልኝ ይላል።

ሌላም ሥራ ነበረኝ። ውጭ ላለ ልጁ በርበሬ፣ ሽሮ፣ ድርቆሽ የሚልክ ሰው ዕቃውን ይዞ ይመጣል፤ እኔ በአቡጀዲ ጠቅልዬ ዙሪያውን በወፍራም ክር እሰፋለታለሁ። ስምና ስልክ በእስክሪብቶ ይጻፍበታል። መንገደኛው ከነስፌቱ ይቀበላል፣ ከነስፌቱ ያደርሳል። ማንም አይከፍተውም። በእኛ ሰፈር የተሰፋ አደራ መክፈት የሰው ደብዳቤ ቀዶ ከማንበብ ይብሳል። አላመንኩህም ብሎ ፊት ለፊት እንደመናገር ነው። ትልቁ ልጄ ውጭ መኖር ከጀመረ ወዲህ የእናቱ በርበሬ የሚደርሰው እንዲህ ነበር፣ በሰው ልጆች ሻንጣ። ውስጡ ምንድን ነው ብሎ የጠየቀኝ አንድ መንገደኛ የለም። ያኔ ይህ ደስ ይለኝ ነበር።

ከዚያ የመጨረሻ ልጄ ነፃ የትምህርት ዕድል አገኘች።

እናቷ ካረፈች ወዲህ አፍንጮ በር ባለችው ቤታችን ውስጥ እኔና እሷ ብቻ ነበርን። ሁለት ዓመት ሙሉ ስታመለክት፣ ሲመልሷት፣ እንደገና ስታመለክት አይቻለሁ። ሲመልሷት አታለቅስም፤ ተነስታ ዕቃ ታጥባለች። በመጨረሻ ሲሳካላትም መጀመሪያ ያደረገችው ዕቃ ማጠብ ነው። ጀርባዋን ሰጥታኝ «አባዬ፣ ሻንጣ ትሠራልኛለህ?» አለችኝ። መሳካቱ የገባኝ ያኔ ነው።

ሠራሁላት። ደንበኞች ሱቄ ጥለዋቸው የቀሩትን ሁለት ጠንካራ ሻንጣዎች አወጣሁ፣ ጎማቸውን ቀየርኩ፣ ማዕዘናቸውን በቆዳ ደረብኩ። የተፈቀደላት ለያንዳንዱ ሃያ ሦስት ኪሎ ነው። የምትሄድበት አገር ብርድ ስለሆነ ወፍራም ልብስና ጫማ ያስፈልጋታል፣ መጽሐፍም አለ። ሃያ ሦስት ኪሎ ስንት እንደሆነ እኔ አውቃለሁ። ጎረቤት ግን ማለቂያ የሌለው ይመስለዋል።

ወሬው እድር ላይ በተሰማ በሳምንቱ ዕቃ መምጣት ጀመረ። አንዷ በርበሬ አመጣች። ሌላዋ ንጥር ቅቤ በጠርሙስ። ሌላው ለልጅ ልጁ የባህል ልብስ ከነካርቶኑ። ሁሉም ሲያስቀምጡ ትንሽ ነገር ናት ይላሉ። ትንሽ ነገሮቹን አንድ ላይ ባነሳቸው ወገቤን ያዘኝ። ልጄ የክረምት ጫማዋን ከሻንጣው አውጥታ አልጋ ሥር አደረገችው። ከዚያ ወፍራሙን ሹራብ አወጣች። በሦስተኛው ቀን ግን እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ መጣች።

«አባዬ፣ የምሄደው እኔ ነኝ ወይስ በርበሬው?»

ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም።

ምን ማድረግ እችላለሁ አልኳት። ለወንድምሽ ስንት ሰው ተሸክሞለታል፣ አሁን የእኛ ተራ ሲሆን በር እንዝጋ? እሷም መሸከሙን አልጠላሁም፣ የማላውቀውን መሸከም ነው የጠላሁት አለችኝ። በርበሬው በላስቲክ፣ ቅቤው በጠርሙስ ነው፣ ይታያል፤ እሱን ቀንሰው ይስጡኝ አለች። እኔ ደግሞ ቀንሱ ብዬ ለሰው መናገር አቃተኝ። በየቀኑ ዛሬ እነግራቸዋለሁ እላለሁ፤ ሲመጡ ተቀብዬ እግዜር ይስጥልኝ ብዬ እሸኛቸዋለሁ። የሚገርመው ሸክሙን እነሱ አምጥተው አመስጋኙ እኔው ነኝ።

በዚህ መሃል ነው የእድራችን ዳኛ የመጡት። ትልቅ ሰው ናቸው፣ በዕድሜም ይበልጡኛል። ባለቤቴ ያረፈች ጊዜ ድንኳኑን ያስተከሉት፣ ሰዉን ያስተናገዱት፣ መቃብር ላይ ክንዴን ይዘው ያቆሙኝ እሳቸው ናቸው። ሱቄ መጡና ትንሽ ትራስ የሚያክል ዕቃ ባንኮኒው ላይ አስቀመጡ። በአቡጀዲ የተጠቀለለ፣ ቤት ውስጥ በቀይ ክር የተሰፋ። የሚስታቸው እህት ለልጇ የምትልከው መሆኑን፣ ልጁ ራሱ መጥቶ እንደሚረከባት ነገሩኝ።

«የሌላ ሰው እንዳትመስልህ» አሉኝ። «የራሴ ናት ብለህ ላክልኝ።»

እሺ አልኳቸው። ሌላ ምን እላለሁ?

ማታ ከሥራ ስገባ ይዤው ገባሁ። ልጄ አየችው፣ አገላበጠችው፣ ምን አለበት ውስጡ አለችኝ። በርበሬ ይሆናል አልኳት።

«ይሆናል?»

አስቀመጠችውና ቁጭ አለች። እዚያ ስትደርስ ሻንጣሽን ራስሽ ነሽ ያዘጋጀሽው፣ ሰው የሰጠሽ ነገር አለ ወይ ተብላ እንደምትጠየቅ ነገረችኝ። አዎ ብትል ምን እንደሆነ ተናገሪ ይሏታል። የለም ብትል ደግሞ ዋሸች ነው። አንድ አብሯት የተማረ ልጅ በሰው ዕቃ ምክንያት ከኤርፖርቱ ወደ አገሩ እንደተመለሰ፣ ትምህርቱም እንደቀረ ይህን ጊዜ ነው የነገረችኝ። ውስጡ የነበረው የባህል መድኃኒት ነው፣ ሥር ተወቅጦ። እሱ ምን እንደሆነ አያውቅም፣ ዱቄት ብቻ ነው ያየው።

እኔ ይህን ሰምቼ መደንገጥ ነበረብኝ። ተናደድኩ እንጂ አልደነገጥኩም። አንቺ ትሄጃለሽ አልኳት፤ እኔ ነኝ ከነዚህ ሰዎች ጋር እዚህ የምቀረው። ብታመም ማን ይጠይቀኛል? ብሞት ድንኳኑን ማን ይተክለዋል? እኚህ ሰውዬ እኮ ናቸው። እንዲህ ብዬ ጮህኩባት። በሕይወቴ ጮኼባት አላውቅም ነበር። ስጨርስ ረጋ ብላ ተናገረች።

«እወስደዋለሁ፣ አባዬ። ግን ተከፍቶ ካየሁት ነው። ካልተከፈተ እሱ ይቅር ወይም እኔ ልቅር።»

በነጋታው ዕቃውን መልሼ ሱቅ ወሰድኩት። መንገዱን ሁሉ ስነጫነጭ ነበር። ልጄ ላይ፣ ሰውዬው ላይ፣ መንገዱ ተዘግቶ በዞረብኝ ታክሲ ላይ። ሱቅ ገብቼ በሩን ገርበብ አደረግኩና ስፌቱን ተመለከትኩት። የእጅ ስፌት ነው፣ ጠበቅ ያለ፣ ግን ያልተስተካከለ። እኔ ይህን ተርትሬ፣ ውስጡን አይቼ፣ በነበረበት ቀዳዳ መልሼ ብሰፋው ራሷ የሰፋችው ሴትዮ እንኳን አትለየውም። ዳኛው ሳይቀየሙ፣ ልጄም አይታው ትሄዳለች። ምን ያህል ጥሩ መላ እንደመሰለኝ ልነግራችሁ አልችልም። ምላጭ አወጣሁ።

ሦስት ስፌት እንደተረተርኩ እጄ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ይሄ እጅ ስንት ዓመት አደራ ሲሰፋ የኖረ እጅ ነው። ምላጩ ሳተና አቡጀዲውን ቀደደው። አሁን ተርትሬም አልጨረስኩ፣ እንደነበረም አልሆነ። ቀይ ክር ፈልጌ ልጠቅመው ብል ያለኝ ቀይ ደመቅ ያለ ነው፣ አይመሳሰልም።

ከጎኔ ባለችው ጠባብ ሱቅ ክርና ዚፕ፣ ቁልፍና መርፌ የምትሸጥ ሴት ነበረች። ክሬን የምገዛው ከእሷ ነው። በዕድሜ ከእኔ ታንሳለች፣ ምላሷ ግን ማንንም አይፈራም። ይህን የሚመስል ቀይ አለሽ ወይ ብዬ የተቆረጠውን ክር አሳየኋት። ክሩን ሳይሆን ፊቴን አየችና ተከትላኝ ገባች። ባንኮኒው ላይ ያለውን ስታይ ወዲያው ገባት።

«ጋሼ፣ ሌባ ለመሆንም እኮ ልብ ይፈልጋል» አለችኝ። «እጅዎ እንዲህ እየተንቀጠቀጠ ምን ዓይነት ሌብነት ነው?»

ሁሉንም ነገርኳት። ስጨርስ ታዝንልኛለች ብዬ ነበር። እሷ ግን ሰውዬውን ይጥሯቸውና መቀሱን በእጃቸው ይስጧቸው፣ ራሳቸው ይክፈቱት አለችኝ። ይቀየሙኛል አልኳት።

«ይቀየሙዋ። ልጅቷ ብትታሰር እሳቸው ሄደው ያስፈቷታል?»

ይህን ስትለኝ በእሷም ተናደድኩ። ለመናገር ቀላል ነው፤ አንቺ ሰፈርሽ ሌላ ነው፣ የሚቀብርልሽም እድር ሌላ ነው አልኳት። እሷም ለዚህ እኮ ነው የሚቀለኝ፣ እርስዎ ካልቻሉ እኔ እናገራለሁ አለች። ለወጉ ተናግራ ሄደች አልኩ። የምሯን አልመሰለኝም ነበር። ዕቃውን የተቀደደውን ወደ ውስጥ አጥፌ ማታ ወደ ቤት መለስኩት።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቤቴ መጣች። የሚንጠለጠል ሚዛን፣ መቀስና አንድ ጥቅል ውስጡን የሚያሳይ ላስቲክ ይዛ ነው። ዕቃ የሰጡንን ሁሉ ቤት ለቤት ዞራ ጠርታቸው ኖሯል፤ እኔ እንደጠራኋቸው አድርጋ። አንድ በአንድ ግቢዬ ውስጥ ሲገቡ የማደርገውን አጣሁ። ወንበር አወጣሁ፣ መልሼ አስገባሁ፣ እንደገና አወጣሁ። ዳኛው በመጨረሻ መጡ፣ ዘንጋቸውን ጉልበታቸው መሃል አድርገው ተቀመጡ።

እሷ ቆማ ተናገረች። ልጅቷ በምትገባበት አገር ስለያዘችው ሁሉ እንደምትጠየቅ፣ ስለዚህ ሁሉም የራሱን ዕቃ በራሱ እጅ ከፍቶ፣ አሳይቶ፣ መዝኖ በሚያሳይ ላስቲክ እንዲያደርገው፣ ምን እንደሆነም ላዩ ላይ እንዲያስጽፍ ነገረቻቸው። ለእያንዳንዱ ቤትም ከአንድ ኪሎ እንዳይበልጥ። በርበሬ ያመጣችው ሴት ኩም አለች። ከዚያ ግን ፈገግ ብላ «ጉምሩክ አፍንጮ በር ቅርንጫፍ ከፈተ በሉኛ!» አለች፣ ሰዉም ሳቀ። ልጄ እስክሪብቶ ይዛ መጻፍ ጀመረች። ነገሩ ቀለለኝ።

ዳኛው ጋ ሲደረስ ሳቁ ቆመ።

«የእኔ ቤት ዕቃ ይፈተሻል?» አሉ። የጠየቁት እሷን አልነበረም፤ እኔን እያዩ ነው።

አንድ ቃል መናገር ነበረብኝ። ሌላው ሁሉ ቢቀር፣ ልጄ ናት ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ ማለት እችል ነበር። አላልኩም። መሬት መሬት አየሁ። የተቀደደውን ቦታ ያዩታል ብዬም እሰጋ ነበር።

«አባባ፣ ማንም አይፈትሽም» አለቻቸው ክር ሻጯ። «የሚከፍቱት እርስዎ ነዎት። እኛ እናያለን እንጂ አንነካም።» መቀሱን እጀታውን ወደ እሳቸው አድርጋ ዘረጋችላቸው።

ዘንጋቸውን ወንበሩ ላይ አስደገፉ። ከዚያ ተቀበሉና ቀዩን ክር ቆረጡት። የተቀደደውን አይተው ይሁን ሳያዩ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ምንም አላሉም። በርበሬ ወጣ፣ ኮረሪማ ወጣ። ከሥሩ ደግሞ ሌላ ዕቃ አለ፣ ቡጢ የምታክል፣ እሷም ተሰፍታለች። ስፌቱ ሌላ ነው፣ ክሩም ጥቁር።

አገላበጧት። «ይቺን አላውቃትም» አሉ።

ሲከፍቷት በፌስታል የታሰረ ክኒን ነው። ሁለት ዓይነት ቀለም ያለው፣ የተቀላቀለ። ካርቶን የለው፣ ስም የለው፣ የሐኪም ወረቀት የለው።  ዳኛው ስልካቸውን አውጥተው ለሚስታቸው እህት ደወሉ። ሴትዮዋ እሷም ከጎረቤቷ ተሰፍቶ እንደተቀበለችው፣ ለአንድ ሰው የወገብ ሕመም ነው መባሏንም ነገረቻቸው። የታማሚውን ስም አታውቅም። ጎረቤቷ ደግሞ ገጠር ሄዳለች። ስልኩን ዘግተው የክኒኑን ፌስታል መልሰው አሰሩት።

«እኔም ተሰፍታ ነው የተቀበልኳት» አሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

እፎይ ማለት ነበረብኝ። ይልቅ ንዴቱ ባሰብኝ። ያቺ ቡጢ የምታክል ነገር በእኔ ሻንጣ፣ እኔ ማዕዘኑን በደረብኩት ሻንጣ፣ በልጄ ስም ልትሄድ ነበር። ልጄም ጠይቃኝ ነበር፣ እኔ ነኝ የጮህኩባት። ደግሞ በዚህ እጄ ስንት ዓመት ስሰፋ የኖርኩት ዕቃ ውስጡ ምን እንደነበር እኔ ምን አውቃለሁ? ሰጡኝ፣ ሰፋሁ። የተሸከሙት ልጆች ስንት ናቸው? አንዱ ችግር ላይ ወድቆ ቢሆን ማን መጥቶ ይነግረኛል?

ልጄ በርበሬና ኮረሪማውን በላስቲክ አድርጋ ጻፈችበት፣ ክኒኑን ዳኛው ኪሳቸው ከተቱት። የክረምት ጫማዋም ከአልጋ ሥር ወጥቶ ሻንጣው ውስጥ ገባ። በሳምንቱ ሄደች። እዚያ እንደደረሰች ሻንጣዋን አስከፍተዋት ነበር። ይሄ ምንድን ነው ሲሏት እያንዳንዱን ነገር በስሙ ተናገረች፣ ቅቤውን አስቀሩባት፣ ሌላውን መልሰውላት አሳለፏት። ይህን ስትነግረኝ ድምፅዋ ውስጥ ፍርሃት አልነበረም። ትምህርቷን ጀምራለች፣ በሁለተኛው ዓመት ላይ ናት።

ከዳኛው ጋር እንደድሮው አይደለንም። እድር ላይ ስንገናኝ ሰላምታ አለ፣ የጤናም እንጠያየቃለን። ድሮ ግን ከስብሰባ በኋላ ፒያሳ ወርደን ማኪያቶ እንጠጣ ነበር፤ አሁን ቸኩያለሁ ይላሉ። ጡረታ የወጣ ሰው ወዴት እንደሚቸኩል እንጃ። ስንት ጊዜ ሄጄ ላናግራቸው አስቤ ደጃቸው ድረስ ደርሼ ተመልሻለሁ። ምን ብዬ እንደምጀምር አላውቅም። ልጄን አድነዋታል ልበላቸው ወይስ ይቅርታ ልጠይቃቸው? ሰፈሩም አልተወኝም፤ ሳልፍ «ጉምሩክ መጣ» ይላሉ። ለቀልድ ነው። ይሁን።

ሱቄ ከፈረሰች ወዲህ የምሠራው ግቢዬ ውስጥ ነው፤ አደራ መስፋት ግን ትቻለሁ። አቡጀዲ ይዞ የሚመጣ ሰው ካለ በሚያሳይ ላስቲክ አድርገው እለዋለሁ፤ ይቆጣል፣ ጥሎኝ ይሄዳል። ወጣቶቹ ሻንጣ ሊያሠሩ ሲመጡ ደግሞ ሌላው ምክር ሁሉ ቢቀር ይህችን ሳልነግራቸው አልለቃቸውም። ተሰፍቶ የመጣ ዕቃ አትቀበሉ። የሰጣችሁ ሰው ቢከበር፣ ቢወደድ፣ ቀባሪያችሁ ቢሆን፣ እሱም ተሰፍቶ ተቀብሎት ይሆናል። መቀሱን በአክብሮት በእጁ ስጡት፣ ራሱ ይክፈተው። ቢቀየም እዚሁ ይቀየም።

አንዳንዱ ሲሰማኝ አይቻለሁ። ባለፈው አንዲት ልጅ ጆሮዋ ላይ የሰካችውን አውጥታ፣ እርስዎ ባይሆኑ ልጅዎ ምን ትሆን ነበር አለችኝ። እኔ አይደለሁም አልኳት። እኔ ያን ቀን መሬት መሬት ነበር የማየው። እኔንም ልጄንም ያሻገረችን ያቺ ከሱቄ ጎን የነበረችው ክር ሻጭ ናት።